ከማስጠንቀቂያ በታች

ጥቅምት 6 ቀን

ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለጋሼ፤

ይህች ወረቀት ወገብዎ ሳያስቸግርዎ፣ መነጽርዎ ሳይጠፋብዎ፣ በሙሉ ጤና ላይ እንዳሉ ታግኝዎት። እኔም ባለቤቴም እማዬም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ እንደተለመደው ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ ይውላል፤ ይህን ስጽፍ አይቶ በመኪናው ድምፅ ላይ «ለጋሼ ሰላም በይልኝ» ብሎ ጮኾብኛል። እማዬ ደህና ናት። ዛሬ ጠዋት ግቢውን ዞር ዞር ብላ፣ ያሰጣሁትን ልብስ አሰጣጥሽ አላማረኝም ብላ ተቆጥታኝ ገባች። ደህና ናት።

አሁን ወደ ትልቁ ወሬ ልግባ። ሆስፒታላችን ውስጥ የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ ተረከብኩ። ክፍል ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስልዎት። ድሮ የአንሶላ ማስቀመጫ ነበር፤ ዛሬም በሩ ሲከፈት ሳሙና ሳሙና ይላል። ማቀዝቀዣው ውሃ ስለሚያንጠባጥብ ሥሩ ባልዲ ተቀምጧል። ባልዲውን መድፋትም ከእንግዲህ የእኔ ሥልጣን ነው፤ የሚቀማኝ የለም።

እዚያ ካሉት ማሽኖች ሁሉ ልቤን የወሰደው አንዱ ነው። ዲ ኤን ኤስ ሰርቨር ይሉታል። ሥራው የእርስዎ የድሮ ሥራ ነው ብል አላጋነንኩም። ሰው የሚያውቀው ስም ነው፤ ማሽን ደግሞ ቁጥር እንጂ ስም አያውቅም። ነርሷ «የላቦራቶሪ ውጤት» የሚለውን ስትነካ፣ ኮምፒውተሯ መጀመሪያ ወደዚህ ማሽን ሄዶ «ላቦራቶሪ የት ነው ያለው?» ይለዋል፤ እሱ ቁጥሩን ይሰጠዋል፤ ከዚያ ይገናኛሉ። እርስዎ ስልክ ማዞሪያ ሳሉ አንዱ ደውሎ «እንጨት መጋዘኑን አገናኘኝ» ሲልዎት፣ ቁጥሩን ከጭንቅላትዎ አውጥተው ገመዱን ይሰኩ አልነበር? ልጅ ሆኜ ከወንበርዎ ጀርባ ቆሜ አፌን ከፍቼ አይዎት ነበር። ይኸው ዛሬም በዚህ ማሽን ፊት አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ቀኑን ሙሉ ይጠየቃል፣ ቀኑን ሙሉ ይመልሳል፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ቆይ እስቲ ላስብበት» አይልም።

ታዲያ አንድ አመል አለው። ይለፈልፋል። እኛ ሎግ በምንለው መዝገብ ላይ ያደረገውን ሁሉ ይጽፋል። «ይህን ስም ተጠየቅኩ፤ በዚህ መንገድ ሄድኩ፤ አልደረስኩም፤ በዚያኛው ሄድኩ፤ ደረስኩ፤ እዚያ ያገኘሁት ሰርቨር አመላለሱ ደስ አላለኝም» እያለ። ምንም ችግር ኖሮ አይደለም፤ እንድናውቀው ብሎ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ለፍላፊው» ነው የሚለው። ባለፈው እውነተኛ ችግር ሲገጥመን፣ ችግሩን የሚናገረው አንድ መስመር በዚያ ሁሉ ወሬ ሥር ተቀብሮ ግማሽ ቀን ስቆፍር ዋልኩ። አለቃችን («ቶሎ በሉ» ነው የምንለው፣ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ) «ቶሎ በይ፣ አፉን ዝጊልኝ» ብሎኛል። እኔ ግን አፉን ከመዝጋቴ በፊት እርስዎን ልጠይቅ አልኩ። ማዞሪያው ቤት ያ ሁሉ ነገር ሲጮህና ሲበራ፣ የትኛውን መስማት የትኛውን መተው እንዳለብዎት እንዴት ነበር የሚለዩት?

እማዬ ሰላም ትልዎታለች። ደህና ናት።

የእህትዎ ልጅ፣ ጠያቂዋ


ኅዳር 9 ቀን

ለጠያቂዋ፣ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ከነባለቤትሽ ከነስፌት መኪናው ይድረስሽ። እኔ አለሁ። ወገቤ እንደ አመሉ ነው። መነጽሬ የጠፋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ከተፈለገ በኋላ ግንባሬ ላይ ተገኘ። እዚህ ሰው አገር ልጄና ሚስቱ ለሥራ ሲወጡ እኔም ከእነሱ ጋር እወጣለሁ፤ የአንድ ትልቅ ሕንፃ መግቢያ ላይ ቁጭ ብዬ እስከ ምሳ ድረስ በር እጠብቃለሁ። ሥራው እንደምን አደራችሁ ማለትና የእሳት ማስጠንቀቂያውን ሰሌዳ ማየት ነው። ደብዳቤሽን ያነበብኩት እዚያ ሆኜ ነው፤ እንደምን አደራችሁ ሳልላቸው ስንት ሰው እንዳለፈ እንጃ።

ኮራሁብሽ። ሌላ ቃል የለኝም። ያቺ ከወንበሬ ጀርባ ቆማ «ይህ ገመድ ወዴት ይሄዳል? ያኛውስ?» እያለች ዕረፍት የምትነሳኝ ልጅ ዛሬ የሆስፒታል ማሽን ተረክባ እኔን ምክር ስትጠይቀኝ፣ እንዴት አልኮራ? ያኔ የሥራ ባልደረቦቼ «ይህችን ልጅ አስወጣልን» ሲሉኝ «ተዉዋት፣ እየተማረች ነው» እላቸው ነበር። አላሳፈርሽኝም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ማዞሪያ ቤት ጥሪ ሲመጣ ትንሿ መብራት ትበራለች፤ ይህ የዘወትር ነው፣ ማንም አይደነግጥም። መስመር ሲጨናነቅ ሌላ መብራት አለ፤ እሱን ዓይንሽን ጣል ታደርጊበታለሽ። ፊውዝ ሲቃጠል ግን ደወሉ ይጮሃል፤ ያን ጊዜ የያዝሽውን ጥለሽ ትሮጫለሽ። ትንሿ መብራት በበራች ቁጥር ብሮጥ ኖሮ ይህን ዕድሜ አላገኘውም ነበር። አንድ ባልደረባችን ግን በደወሉ ተማርሮ ጨርቅ ወትፎበት፣ ግማሽ ከተማ ስልክ አጥቶ ዋለ። ስለዚህ ለፍላፊውን አፍህን ዝጋ አትበዪው። ነገሩ ምን ያህል ሲከፋ መናገር እንዳለበት ንገሪው። ከዚያ በፊት ግን የሚለውን በደንብ ስሚው፤ ምን እንደምታፍኚ ሳታውቂ አታፍኚ።

አሁን የሆዴን ልንገርሽ። ደብዳቤሽ ላይ «እማዬ ደህና ናት» የሚለውን ሦስት ቦታ አገኘሁት። አምና እናትሽን፣ እትዬን፣ ግማሽ ጎኗ ሲከዳት፣ አፏ ሲጣመም፣ ቀኝ እጇ ሲዝል፣ እኔ በየሳምንቱ ስደውል ምን ነበር የምትሉኝ? «ደህና ናት፣ ጎረቤት ሄዳለች።» ጎረቤት የሄደችው ሆስፒታል ተኝታ ነው። እኔ የሰማሁት ከአልጋ ከተነሣች በኋላ ነው። እንዳልጨነቅ ብላችሁ መሆኑን አውቃለሁ፤ አልተቀየምኳችሁም። ግን ከዚያ ወዲህ «ደህና ናት» የሚለው ቃል ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። ስልኩን የተውኩትም ለዚህ ነው። እሷ ራሷ ምላሴ ይኮላተፋል ብላ አታናግረኝም፤ በስልኩ መስኮት እንኳ ልያት ብል የተጣመመ ፊቴን አላሳይም አለች። ያ እንደ አታሚ የሚያምር ጽሕፈቷም ከእጇ ጋር ዛለ። እሷን የማውቃት በአንቺ ብዕር ብቻ ነው።

ስለዚህ ለእኔም ለለፍላፊው ያሰብሽለትን አድርጊልኝ። ደህናውን ተይው። እትዬን የሚያሳስብ ነገር ሲገጥማት ሳትደብቂ፣ ሳታለዝቢ ጻፊልኝ። ምንም ከሌለ ስለ እሷ ምንም አትጻፊ። ዝም ካልሽ ደህና ናት ማለት ነው ብዬ አርፌ እቀመጣለሁ። ቃል ግቢልኝ። ስለ ማሽንሽ ግን ቀለም አትቆጥቢብኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ጤናዎ ከነወገብዎ፣ መነጽርዎም ከነግንባርዎ ይሰንብትልኝ። ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የሚያሳስብ ነገር ካለ እጽፋለሁ፤ ከሌለ ዝም እላለሁ። በዚሁ ወደ ለፍላፊው እናልፋለን።

እንዳሉኝ አድርጌ መጀመሪያ ሰማሁት። ሳምንት ያህል ባልዲዬን ገልብጬ ተቀምጬበት መዝገቡን ሳነብ ከረምኩ። ጋሼ፣ ባነበብኩት ቁጥር ንቀቴ ወደ አድናቆት እየተለወጠ ሄደ። ሰው ቢሆን ስንት ጊዜ ተናዶ ወንበሩን ጥሎ ይወጣ ነበር። የሚለፈልፈውም ያለ ምክንያት አልነበረም። አዲስ ዓይነት ረጅም የአድራሻ ቁጥር መጥቷል፤ የእኛ መስመር ገና አልደረሰበትም። እሱ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ባገኘ ቁጥር «በዚህኛው ልሂድ» ብሎ ይነሣል፤ መንገድ የለም፤ ተመልሶ በአሮጌው ይሄዳል፤ ይህንኑም በታማኝነት ይጽፋል። በቀን ስንቴ! አንድም ቀን ተስፋ ቆርጦ አያውቅም። እኔ ነኝ «በአሮጌው ብቻ ሂድ» ብዬ ያስቀረሁት። ገና ምንም ሳላፍነው ግማሹ ወሬ በዚያው ቆመ።

የቀረውን በደረጃ ከፈልኩት። ማሽኑ የሚናገረው ነገር ሁሉ ደረጃ አለው። ከሁሉም ሥር ያለው ትንፋሹን ሳይቀር የሚያወራበት ነው፤ እሱን የሚከፍተው የማሽኑን በሽታ የሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ማሳወቂያ አለ፣ ከፍ ሲል ማስታወሻ፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ስሕተት፣ ከሁሉ በላይ ሊወድቅ ሲል የሚጮኸው። ማዘዣ ፋይሉ ላይ «ከማስጠንቀቂያ በታች ያለውን አትጻፍ» አልኩት። ሁለት መስመር አይሞላም። ከመጀመሬ በፊት በመፈተሻው ሳሳልፈው አንዲት ምልክት ረስቼ ኖሮ አልቀበልም አለኝ፤ ቀለም የፈሰሰበት ደብተር እንደሚመልሱ መምህር። መዝገቡንም ከተጨናነቀበት አውጥቼ አዲስ የራሱ ማህደር ሠራሁለት።

ከዚያ ጸጥ አለ። ጋሼ፣ የዚያን ጸጥታ ማማር ልነግርዎት አልችልም። ገጹን እከፍታለሁ፣ ባዶ። ከምሳ በኋላ እከፍታለሁ፣ ባዶ። ቶሎ በሉ መጥቶ ባዶውን ገጽ አይቶ «ግሩም» አለ። ከአፉ ሌላ ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው፤ ክፍሉ ሁሉ ዞር ብሎ አየው።

ሌላ የሚጻፍ የለም።

ጠያቂዋ


ጥር 17 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለጸጥታ አስከባሪዋ፤

ሰላም ላንቺና ለቤትሽ ይሁን። ደብዳቤሽን የእሳት ማስጠንቀቂያውን ሰሌዳ ሊጠግን ለመጣው ሰው እንደ ምንም ብዬ አስረዳሁት። ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና «ይህች ልጅ እኛ ጋ ብትሠራ» አለ። «አትመጣም፣ እኔ ራሴ አልሰጥህም» አልኩት። አንድን ነገር ዝም ከማሰኘት በፊት ሳምንት ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው በዚህ ዓለም ብዙ የለም። ይህን ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ። እትዬ ልጅ ሳለን አልቅሼ ስመጣ አትቆጣኝም፣ አታባብለኝም፤ መጀመሪያ እስክጨርስ ትሰማኛለች። ከዚያ ነው የምትቆጣው።

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ምንም የለም። ፖስታውን ውስጡን አየሁት። ምንም የለም። በስምምነታችን መሠረት ደህና ናት ማለት ነው። ጥሩ ነው። እኔው ነኝ ያልኩት።

ብቻ ቶሎ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


የካቲት 20 ቀን

ለማከብርዎ ለጋሼ፤

እንደምን ከረሙልኝ? እኔ በሩጫ ላይ ነኝና ዛሬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን የምጽፈው ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነው። መዝገቡ አሁንም ባዶ ነው፣ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ትክክል አይደለም፤ ግማሹ ክፍል ላቦራቶሪውን አጥቶታል፣ ነርሶቹ ውጤት በወረቀት ተሸክመው ደረጃ ይወጣሉ ይወርዳሉ። እየጠሩኝ ነው። ፖስታ የሚወስደው ሰው ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ሰላም ይሁኑልኝ።

ጠያቂዋ


መጋቢት 25 ቀን

የእህቴ ልጅ፣ እትዬ አለች ወይ?

ሰላምታ ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም። ያቺን የተጣደፈች ወረቀትሽን ካገኘሁ ወዲህ ደጋግሜ አነባታለሁ። አንቺ እንደዚያ አትጽፊም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ዝም አልሽ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት «ዝም ካለች ደህና ናት» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በኋላ ግን በር ላይ ተቀምጬ የማስበው ሌላ ሆነ። እውነት ደህና ብትሆን ዝም ትያለሽ። ብትሞትና ልትነግሪኝ አቅም ብታጪም ዝም ትያለሽ። ሁለቱ ዝምታ ከዚህ ሆነው ሲያዩት አንድ ዓይነት ነው።

አልቻልኩም፤ ስልክ አላነሣም ያልኩት ሰውዬ ደወልኩ። ባለቤትሽ አነሣ። ስፌት መኪናው አይሰማም፤ ቤቱ ጭር ብሏል። «እትዬን አገናኘኝ» አልኩት። ትንሽ ቆየና ምን አለኝ? «ጎረቤት ሄዳለች።»

ይህችን ቃል አውቃታለሁ። ስልኩን ዘጋሁ። ልጄ መልሰህ ደውል ይለኛል፤ ያንኑ ቃል ሁለተኛ ከምሰማ ደብዳቤ ብጠብቅ ይሻለኛል። ልጅ ሆና እጄን ይዛ መንገድ ያሻገረችኝ እሷ ናት። ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ከእሷ የሚበልጥብኝ ሰው በዚህ ምድር የለም፤ ይህን ለእሷ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። ስለዚህ እውነቱን ጻፊልኝ። ብትሞትም ጻፊ። ከማንም አፍ ይልቅ ከአንቺ እጅ ልስማው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 8 ቀን

ጋሼ፣ አለች። እማዬ አለች።

ይህን እንዳነበቡ ከዚህ በታች ያለውን ይተዉና መጨረሻው ገጽ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ይዩ። ከዚያ ይመለሱ። እጠብቅዎታለሁ።

አዩት? እሺ፣ አሁን ልንገርዎት።

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ወዲያው ለልጅዎ ደወልኩና ደህና መሆኗን እንዲነግርዎት አደረግሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እኔው በራሴ ሳቅሁ፣ ከዚያም አለቀስኩ። ልኬልዎት የነበረው እርስዎ የማያምኑትን ያንኑ ቃል ነው። ባለቤቴን ደግሞ «ለምን እንደዚያ አልከው?» ብዬ ጮኽኩበት። ምስኪን፣ «ጎረቤት ሄዳ ነዋ» አለኝ። ስፌት መኪናውን ያቆመው ድምፅዎን በደንብ ለመስማት ነው። ትንሽ የቆየውም በመስኮት አሻግሮ እሷን እየፈለገ ነው።

ጋሼ፣ እውነት ነበር። ያን ዕለት እማዬ ጎረቤታችን አናጺው የሠራውን ቁም ሳጥን ለማየት ሄዳ ነበር። ሳትደገፍ፣ ማንንም ሳታስከትል፣ ምርኩዟን በር ላይ ትታ። ከታመመች ወዲህ ብቻዋን ከግቢ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ስትመለስ ቁም ሳጥኑን «በሩ አይገጥምም» ብላ አናናቀችው እንጂ ስለ መሄዷ አንዲት ቃል አልተናገረችም። እኔም ለእርስዎ አልጻፍኩም። የሚያሳስብ ነገር አልነበረማ።

ከዚያ በፊት ባለው ሰሞን እኔ ከለፍላፊው ጋር ስታገል ነበር። ያን ባዶ ገጽ ያስታውሳሉ? ያ ቶሎ በሉ እንኳ «ግሩም» ያለለት? ባዶ የሆነው ሰላም ሆኖ አልነበረም። አዲስ የከፈትኩለት ማህደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ አልሰጠሁትም ነበር። በርና ቁልፍ ሠርቼለት ብዕር ነሳሁት ማለት ነው። ለግማሹ ክፍል መልስ የሚሰጠው ረዳቱ ሰርቨር ስሞቹን ከእሱ መቅዳት አቅቶት ቆይቶ ነበር፤ ለፍላፊው ይህን ባወቀ ቁጥር ሊያስጠነቅቀኝ ይነሣል፣ የሚጽፍበት ያጣል፣ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ ባዶውን ገጽ እያየሁ ጸጥታውን አደንቃለሁ። በመጨረሻ ረዳቱ የያዘው ስም ሁሉ ጊዜው አለፈበት፤ ያን ቀን ነው ነርሶቹ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ የዋሉት። በሽተኛ የተጎዳ የለም፣ እግር ብቻ ነው የደከመው። አንድ ትእዛዝ ጽፌ ፈቃዱን ስሰጠው የመጀመሪያዋ ማስጠንቀቂያ ወዲያው ወጣች። ያን ሁሉ ጊዜ አልተወም ነበር። እኔ እንዲህ ያለ ታማኝ አላየሁም።

ደረጃውን ግን አልቀየርኩትም፤ ዛሬም ከማስጠንቀቂያ በታች አይጽፍም። የጨመርኩት አንድ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ትመጣና የላቦራቶሪውን ስም ትጠይቀዋለች፤ ከመለሰላት እዚያው መዝገብ ላይ አንድ መስመር ትጽፋለች፦ «አለ።» በቃ። ቶሎ በሉ ያቺን መስመር አይቶ «ይህቺስ ምን ትሠራለች? አስወጫት» አለኝ። «እሷ ከሌለች ባዶው ገጽ ምን ማለት እንደሆነ አናውቅም» አልኩት። ቆም ብሎ አሰበ። ሲያስብ ሳየውም የመጀመሪያዬ ነው። «ግሩም» ብሎኝ ሄደ።

ይህን ሁሉ ሠርቼ፣ ይህን ሁሉ አውቄ፣ በእርስዎ ላይ ግን ያንኑ ባዶ ገጽ እልክልዎት ነበር። ደብዳቤዎ እስኪመጣ ድረስ አልታየኝም።

እማዬ በነዚህ ወራት ደብዳቤ ስጽፍ ባየች ቁጥር «ለወንድሜ ይህን ጻፊለት፣ ያንን ጻፊለት» ትለኝ ነበር። «አይሆንም፣ ቃል ገብቻለሁ» ስላት ትኮሳተራለች። ለካ ቂም ይዛ ኖሮ ባለቤቴ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ኳስ ሰፍቶላት ጓዳ ገብታ ቀኝ እጇን ስታሠራ ከርማለች። ደብዳቤዎን ሳነብላት «ብትሞትም ጻፊ» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። «ብዕሩን አምጪ» አለች። ባለቤቴ ወረቀቱን ያዘላት። ጠዋት የጀመረችው ምሳ ሰዓት አለቀ። ላግዝሽ ስላት እጄን መታችኝ። በዚያው በዛለው እጅ።

ጠያቂዋ

[በሌላ እጅ፣ በትልልቅና በተጣመሙ ፊደላት]

ድምቡሼ። አለሁ። ጽሕፈቴን አይተህ እንዳትስቅ። አንተም ስትጀምር እንዲህ ነበርክ። ጎረቤት ሄጄ ነበር። እውነት ነው። የሳጥኑ በር አይገጥምም።


ግንቦት 10 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለብርቱዋ፤

ሰላምታ ለሁላችሁም። ለባለቤትሽ ደግሞ ይቅርታዬ ይድረሰው፤ እውነቱን ተናግሮ ስልክ የተዘጋበት ሰው እሱ ብቻ ነው።

እንዳልሽኝ አደረግሁ። ከመጀመሪያው መስመር ዘልዬ የመጨረሻውን ገጽ ከፈትኩ። «ድምቡሼ» ይላል። በዚህ አገር ማንም በዚያ ስም አይጠራኝም፤ ልጄ እንኳ አያውቀውም። ሕንፃው በር ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ሰው ያልፋል፣ እኔ አለቅሳለሁ። አንዷ ሴትዮ ክፉ ወሬ መጥቶብኝ መስሏት ትከሻዬን ያዘችኝ። ወረቀቱን አሳየኋት። ፊደላችንን ማንበብ አትችልም፤ ግን ፊደሎቹን ካየች በኋላ «ይህን የጻፈው ሰው ብዙ ለፍቷል» አለች። እንደዚያ ነው፣ ብዙ ለፍታለች። ያ የድሮ የሚያምር ጽሕፈቷ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን በራሴ ልሳቅ። እዚህ ሰሌዳ ላይ አንድ ቁልፍ አለ። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ እሱን እጫናለሁ፤ መብራቶቹ ሁሉ ለአንድ አፍታ በርተው ይጠፋሉ። ቀዩ መብራት ያልበራው እሳት ስለሌለ ነው ወይስ አምፖሉ ተቃጥሎ፣ የሚታወቀው በዚያ ነው። ማዞሪያ ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ስጫነው ኖሬያለሁ። ለገዛ እህቴ ሲሆን ግን «ምንም አትጻፊልኝ» አልኩ። አንቺ ማንም ሳይነግርሽ ደረስሽበት። ለማሽንሽ አንድ መስመር ሰጠሽው፤ ለእኔም ሰጠሽኝ። ጠያቂዋ ሲሉሽ ኖረዋል፤ ከእንግዲህ የምጠይቀው እኔ ነኝ።

ስለዚህ ስምምነታችንን አፍርሼያለሁ። ለፍላፊውን ባለበት ተይው፤ ከማስጠንቀቂያ በታች አይናገር፣ ጠዋት ጠዋት «አለ» ይባልለት። እኔን ግን ከደረጃዎቹ ሁሉ ሥር አስገቢኝ፤ ትንፋሹ ሳይቀር የሚወራበት ላይ። ስለ ልብስ አሰጣጥሽ ስትቆጣሽ ጻፊ። ስትኮሳተር ጻፊ። የአናጺው በር ገጠመም አልገጠመ ጻፊ፤ እሱን በተለይ። «ደህና ናት» ማለት ብትፈልጊም ሦስቴም ቢሆን በዪው፣ አሁን ይገባኛል። ብቻ ከሁሉም በታች እሷ በእጇ አንድ መስመር ትጻፍ። ከደከማት አንድ ቃል ይበቃኛል።

ይህችን ደግሞ አንቺ አታንብቢላት፤ ወረቀቱን ስጫትና ራሷ ታንብበው። ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

እትዬ፣ ድምቡሼም አለ።